በአራተኛው ቀን ዝምታ፣ በሁለተኛው ወር ድንጋጤ፦ የሕፃን ሽንትና ካካ ልኩ ስንት ነው?

ሁለት ቤቶችን እናስብ። በአንደኛው ቤት ልጅ ከተወለደ አራተኛ ቀኑ ነው። ከትናንት ጠዋት ወዲህ የሸናው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ካካው ዛሬም ጥቁር ነው። አብዛኛውን ሰዓት ተኝቶ ስለሚውል አራስ ጠያቂው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! እናቱን አሳረፋት» እያለ መርቆ ይወጣል። በሁለተኛው ቤት ያለችው ሕፃን ሁለት ወር አልፏታል። ጡት ብቻ ትጠባለች፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ስትጫወት ትውላለች፣ በቀን ሰባት ጊዜ ሽንት ጨርቅ ታርሳለች። ካካ ካለች ግን አምስት ቀን ሆኗታል። ቤቱ ተሸብሯል። አንዷ አክስት የሳሙና ቁራጭ አሹላ ይዛለች፣ ሌላዋ አብሽ ዘፍዝፋለች፣ አባት መድኃኒት ቤት ሄዷል።

ሁለቱንም ቤት ያየ የሕፃናት ሐኪም የሚደነግጠው በመጀመሪያው ነው። የሁለተኛዋን ልጅ እናት «አይዞሽ፣ ደህና ናት» ብሎ ይሸኛታል። ስለ ሕፃን ሽንትና ካካ ያለን ስጋት ብዙ ጊዜ እንዲህ ቦታውን የሳተ ነው፤ መቁጠር በሚያስፈልገን ሰሞን አንቆጥርም፣ ቁጥሩ ትርጉም ካጣ በኋላ ጣታችንን እያጠፍን እንቆጥራለን። ቀለሙም ላይ እንደዚሁ ነው። አረንጓዴው ያስጮኸናል፣ ነጣ ያለውን ግን አይተን እናልፈዋለን። ሕይወት የሚያጠፋው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

መቁጠር ለምን እንዳስፈለገ በአጭሩ እንናገር። ጡጦ መስመር አለው፤ 60 ገባ፣ 20 ቀረ ይባላል። ጡት መስመር የለውም። ልጁ 40 ደቂቃ ጡት ላይ ቆየ ማለት 40 ደቂቃ ጠባ ማለት አይደለም፤ ጎርሶ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የገባውን የሚነግረን የወጣው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጊዜው አይመችም። በሰላም የወለደች እናት ጤና ተቋም የምትቆየው በመመሪያው መሠረት 24 ሰዓት ያህል ነው፤ ጡቷ በወተት የሚሞላው ግን ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ለወለደችና ለመጀመሪያ ልጅ እናት ደግሞ ዘግየት ይላል። ወሳኙ ቆጠራ የሚካሄደው እንግዲህ ነርስ በሌለበት፣ ቤት ውስጥ፣ ገንፎ በሚገነፋበት ሰሞን ነው። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እናትና ልጅ እንዲታዩ የሚመከረውም ለዚሁ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሕፃኑን በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ሐኪም ዘንድ ሲወስዱ ክብደቱን ከመዘኑ በኋላ ቀድሞ የሚጠየቁት «በ24 ሰዓት ስንት ዳይፐር አረጠበ?» ተብለው ነው። ጥያቄው ለወግ የሚቀርብ አይምሰላቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ የቀኑ ቁጥር የሽንቱ ቁጥር

በቃል የሚያዝ ቀላል ልክ አለ። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ ሽንት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ እንዲህ እያለ ስድስተኛው ቀን ላይ ስድስት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የግድ መጨመር አያስፈልገውም፤ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ይዘልቃል። ካካው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንድም ሁለትም ጊዜ ጥቁር ነው፣ በሦስተኛው ቀን ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይዞራል፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ቢጫ ይሆናል፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ከዚያ ወዲያ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካካ ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ለምን አነሰ ለሚል፣ የልጁ ሆድ በዚያ ቀን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። እንገሩም የሚወጣው በዚያው ልክ በጠብታ ነው። እናቶች «ወተት የለኝም» የሚሉት ይህን አይተው ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ቀን ያ በቂ ነው። የመጀመሪያዋ ሽንት ደግሞ ማዋለጃው ጠረጴዛ ላይ፣ እንሽርት ውኃና ደም መካከል ትወጣና ሳትቆጠር ትቀራለች። አዋላጇን መጠየቅ አይከፋም።

ጥቁሩ የመጀመሪያ ካካ፣ ሐኪሞች ሜኮኒየም የሚሉት፣ ልጁ በማህፀን ሳለ ከዋጠው እንሽርት ውኃ፣ ከረገፈ የቆዳ ሽፋን፣ ከንፍጥና ከሐሞት የተሠራ ነው። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። መጥረግ ፍዳ እንዳይሆን ገና ሳይመጣ የልጁን ቂጥ በስሱ ቫዝሊን መቀባት ነው። በወሩ የተወለደ ጤነኛ ልጅ ሁሉም ማለት ይቻላል በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን ያወጣዋል። 48 ሰዓት ካለፈና ካልወጣ «ነገ ይመጣል» የለም። ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ነገር ካስመለሰ ደግሞ 48 ሰዓትም አይጠበቅ። ምክንያቱ የአንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው፣ የትልቁ አንጀት ጫፍ ነርቭ ሳይሠራለት የሚወለድበት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የፊንጢጣው ቀዳዳ ጭራሽ አልተከፈተም። የኋለኛው ልጁን ገልብጦ በማየት በአንድ ደቂቃ የሚታወቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ለተወለደ ልጅ ይህን ያየለት ሰው መኖሩ መረጋገጥ አለበት።

እንገር የልጁ የመጀመሪያ ምግብ ብቻ አይደለም፣ ሆድ የሚያስቀምጥም ነው። አንጀቱን ገፋ ገፋ እያደረገ ጥቁሩን ያስወጣዋል። ጥቁሩ ካካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ቢሊሩቢን አለ፤ ልጅን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም ማለት ነው። ካካው አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ቀለሙ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በአራተኛው ቀን ገና ጥቁር የሚያወርድ፣ ቢጫ የሆነና እንቅልፍ የሚያበዛ ልጅ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው፤ አልጠባምና አላወጣም፣ አላወጣምና ቢጫ ሆነ፣ ቢጫ ሆነና ደነዘዘ፣ ደነዘዘና መጥባት ተወ። ጠያቂው «ጨዋ ልጅ» ያለው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ቅቤ ማስላስ፣ ስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ ይመጣሉ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጡት ከመጀመራቸው በፊት ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት 8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከስድስት ወር በታች ካሉት ውስጥ ጡት ብቻ የሚጠቡት ደግሞ 58 በመቶ ነበሩ። የእነዚህ ፈሳሾች ጉዳት ጀርም ማስገባታቸው ብቻ አይደለም። ቆጠራውን ያበላሹታል። ስኳር ውኃ የጠጣ ልጅ ይሸናል፤ ስድስት ጊዜም ሊሸና ይችላል። እናት ቁጥሩን አይታ ትረጋጋለች፣ ልጁ ግን እየከሳ ነው።

ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ረገጥ አድርገን እናልፈዋለን። ሽንት የሚመሰክረው ውኃ መግባቱን ነው፤ ምግብ መግባቱን በመጀመሪያው ወር የሚመሰክረው ቢጫው ካካ ነው። ሁለቱ አብረው ካልታዩ ምስክርነቱ ጎደሎ ነው። የዱቄት ወተት የሚያጠጡ ቤቶች ውስጥ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ጣሳው ውድ ስለሆነ «ትንሽ ይበርክት» ተብሎ ይቀጥናል፤ ልጁ ሽንቱ ይበዛል፣ ክብደቱ አይነቃነቅም። አወፍራለሁ ብሎ ማንኪያ መጨመር ደግሞ በተቃራኒው ካካውን ያደርቃል፣ ኩላሊቱን ያስቸግራል። የአንዱ ጣሳ ማንኪያ ለሌላው ጣሳ አይሠራም፤ አንዳንዱ ለ30 ሚሊ ሊትር፣ አንዳንዱ ለ60 ሚሊ ሊትር የተለካ ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ውኃውን መጀመሪያ፣ ዱቄቱን ቀጥሎ፣ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ አስተካክሎ ማድረግ ነው።

አንዱን ሽንት «አንድ» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ጨርቅ የሚጠቀሙ ቤቶች እዚህ ላይ ይታደላሉ። ጨርቅ አይዋሽም፤ ልጁ በሸና ቁጥር ይርሳል፣ ይቀየራል፣ ይቆጠራል። ዳይፐር ግን ውስጡ ውኃን መጥጦ ወደ ጄል የሚለውጥ ዱቄት ስላለው ሦስት ጊዜ ተሸንቶበትም ከላይ ደረቅ ይመስላል፤ የአራት ቀን ልጅ ትንሿ ሽንት ደግሞ ጨርሶ ትጠፋለች። ብዙ የአራስ ዳይፐሮች ከፊት ለፊት ቢጫ መስመር አላቸው፤ እርጥበት ሲነካው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ይህ መርጠቡን ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደረጠበ አይናገርም።

ልኩን በእጅ ለማወቅ አንድ ደረቅ ዳይፐር ወስዶ 3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ ማለት 45 ሚሊ ሊትር፣ ማፍሰስና ማንሳት ነው። ያ ክብደት «በደንብ የረጠበ» የሚባለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከዚያ ያነሰ፣ አንድ ማንኪያ ያህል ቢሆን አያስደንቅም። ልጁ ሸንቶ ይሁን አይሁን ካጠራጠረ ደግሞ ዳይፐሩ ውስጥ አንድ ቁራጭ ሶፍት ማንጠፍ ይበቃል፤ ሶፍት ውኃን አይደብቅም። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ያለው ቤት ይበልጥ ይመቸዋል። ደረቁን መዝኖ ከእርጡቡ መቀነስ ነው፤ 1 ግራም ልዩነት 1 ሚሊ ሊትር ሽንት ነው። ወተት ከገባ በኋላ አንድ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎው በሰዓት ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከሸና አነሰ ይባላል። የ3 ኪሎ ልጅ በ24 ሰዓት ከ72 ሚሊ ሊትር በታች መውረድ የለበትም ማለት ነው፣ በደንብ የሚጠባ ልጅ ይህን በእጥፍና ከዚያ በላይ ያልፈዋል። ይህን ሁሉ በየቀኑ መመዘን ግን ለጤነኛ ልጅ ድካም ነው፤ ያጠራጠረ ቀን ላይ ይበቃል።

ካካው ሲቆጠር ደግሞ ጨርቁን ነካ ያደረገችው ነጠብጣብ አትቆጠርም። ከአንድ ብር ሳንቲም የሰፋ ከሆነ አንድ በሉት።

በእነዚህ ቀናት ዳይፐር ላይ የሚታዩ ሦስት አስደንጋጭ ነገሮች አሉ፤ ሁለቱ ምንም አይደሉም። የሴት ልጅ ዳይፐር ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ንፍጥ መሰል ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ጥቂት ደም ይታያል፤ የእናቷ ሆርሞን ከሰውነቷ ሲወጣ የሚከሰት ነው፣ በራሱ ይቆማል። ሁለተኛው ከዳይፐሩ የተቀደደው ጄል ነው። ጥርት ያሉ፣ የሚያንሸራትቱ ፍሬዎች ሆነው የልጁ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ።

ሦስተኛው ነው ማስተዋል የሚፈልገው። የተፈጨ ጡብ የሚመስል፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ብናኝ በሽንቱ ቦታ ላይ ይታያል፤ ሲጠርጉት ዱቄት ነው፣ ደም ግን አይደለም። ሽንት ሲወፍር የሚረግፍ የዩሬት ክሪስታል ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ያለ ነገር ነው። በአምስተኛው ቀን ከታየ ግን ልጁ በቂ ወተት አላገኘም ማለት ነውና ያን ቀን መታየት አለበት። የጨቅላ ሽንት ከአምስተኛው ቀን በኋላ ውኃ የመሰለ፣ ሽታው ለስላሳ ነው። ጨርቁ ላይ ሲደርቅ ቢጫ ቀለበት የሚተው ሽንት ጥም አለ ይላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሚዛን አለ። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነሱ የተፈጥሮ ነው፤ ከተወለደበት ክብደት እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፣ 10 በመቶ ከደረሰ ግን መዘግየት አያስፈልግም። በ3,200 ግራም የተወለደ ልጅ 2,880 ላይ ከደረሰ 10 በመቶ አጥቷል። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ተወለደበት ክብደት መመለስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ማስታወሻ፦ በምጥ ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለእናት ብዙ ግሉኮስ ከተሰጠ ልጁም ውኃ ይዞ ይወለዳል። የመጀመሪያው ቀን ሽንቱ ይበዛል፣ ክብደቱም ቶሎ ይወርዳል። ሁለቱንም ወተት ላይ ማላከክ ስህተት ነው።

ቁጥሩ አነሰ፤ ታዲያ ምን ይደረግ?

ጡጦ መግዛት የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጠባ ይቆጠር፤ ከ8 እስከ 12 መሆን አለበት። የሚተኛ ልጅ በየሦስት ሰዓቱ ይቀሰቀሳል፤ ልብሱ ወልቆ ዳይፐር ብቻ አድርጎ የእናቱ ደረት ላይ ሲደረግ አብዛኛው ይነቃል። ከዚያ አጎራረሱ ይታይ። የጡቱን ጫፍ ብቻ የያዘ ልጅ እናቱን ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም፤ አፉ ሰፋ ብሎ ተከፍቶ፣ ታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ አገጩ ጡቱን ነክቶ፣ ከጥቁሩ ክብ ብዙውን መጉረስ አለበት። ወተት ከገባ በኋላ መዋጡ ይሰማል፤ አንድ ሁለቴ ስቦ «ክህ» የምትል ትንሽ ድምፅ። ድምፁ ከሌለና ጉንጩ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ማስለቀቅና እንደገና ማስጎረስ ነው፤ ሲያስለቅቁ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ ማስገባት እንጂ መሳብ የለም። ከጠባ በኋላ በእጅ ታልቦ በንጹሕ ስኒ ወይም በማንኪያ የሚሰጠው ተጨማሪ ወተት ለደከመ ልጅ ትልቅ አቅም ነው።

ይህ እየተደረገ ግን በአምስተኛው ቀን ሽንቱ ከአራት ካነሰ፣ ካካው ወደ ቢጫ ካልዞረ፣ 8 ሰዓት ሙሉ ደረቅ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው። አፉ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ሰውነቱ ካተኮሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን። እንባ አለመኖሩን ምልክት አታድርጉት፤ ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲያለቅስ እንባ አያወጣም።

ተቅማጥ የሚመስል፣ ተቅማጥ ያልሆነ

ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ያለው ጊዜ የካካ ወቅት ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ በቀን ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ሊል ይችላል። ጡት ሲጎርስ ሆዱ ውስጥ የሚገባው ወተት አንጀቱን ስለሚያነሳሳ እየጠባ ካካው ይመጣል፤ ገና የተቀየረው ዳይፐር ወዲያው ይበላሻል። ቀለሙ የሰናፍጭ ወይም የእርድ ነው፣ ወዙ ከቀጠነ ሽሮ አይወፍርም፣ ውስጡ አይብ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር አለበት። ሽታው ኮምጠጥ ያለ እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ የቀጠነ ሰገራ ተቅማጥ ነው ሲል ጡት የሚጠቡ ሕፃናትን ለስላሳ ካካ ለይቶ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቅማጥ የሚባለው ከልጁ ልማድ በድንገት ሲለይ ነው፤ ፍርፋሪው ጠፍቶ ውኃ ብቻ ሲሆን፣ በጨርቁ ሲሰርግ፣ ሽታው ሲከረፋ፣ ንፍጥ ወይም ደም ሲይዝ። ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ ላይ ይህ ከታየ ጡቱን ሳያቋርጡ ወዲያው ሕክምና ነው።

«ግግ ነው»፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ የሕፃን ድድ የሚፈለፈለውና እንጥል የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ የዚህ ጤነኛ ቢጫ ካካ ወይም የእውነተኛ ተቅማጥ ሰበብ ተፈልጎ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሥራው ጉዳት ብቻ ነው። ግግ የተባለው ገና ያልወጣ የውሻ ጥርስ ነው፤ ከድዱ ሥር ነጣ ብሎ ስለሚታይ ትል ይመስላል። ተፈልፍሎ ሲወጣ ልጁ ይደማል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ መጥባት ያቅተዋል። ተቅማጡ አንጀት ውስጥ ነው፤ አፍ ውስጥ የሚፈለግ ነገር የለም።

አረንጓዴ ካካስ? ልጁ ጤነኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም። ወተቱ በአንጀቱ ፈጥኖ ሲያልፍ ሐሞቱ ወደ ቢጫ ለመለወጥ ጊዜ አያገኝም። እናት አንዱን ጡት ሳይጨርስ ወደ ሌላው ስትቀይረው ቀጭኑ የመጀመሪያ ወተት በዝቶ አረፋማ አረንጓዴ ሊያደርገው ይችላል፤ አንዱን እስኪያራግፍ መተው ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ብረት የተጨመረበት የዱቄት ወተትም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ያመጣል። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ልጅ ካካው ባጠቃላይ ወፈር ይላል፣ ቀለሙ ወደ ሽሮ ይሄዳል፣ በቀን ከአንድ እስከ አራት ጊዜ ነው።

በስድስት ሳምንቱ የምትሰጠው የሮታ ክትባትም አንድ ሁለት ቀን ካካ ቀጠን ልታደርግ ትችላለች። ክትባቷ በአፍ የምትሰጥ ሕያው ቫይረስ ስለሆነች በካካ ትወጣለች፤ ዳይፐር የለወጠ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚመጣው ጸጥታ

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት እንመለስ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ካካው በድንገት ሊራራቅ ይችላል። ትናንት በቀን አምስት ጊዜ የነበረ፣ ዛሬ በአምስት ቀን አንዴ። እንገር ያለው የማስቀመጥ ኃይል አልፏል፣ አንጀቱ በስሏል፣ የእናት ወተትም እምብዛም ተረፍ የለውም። ሰባት ቀን፣ አንዳንዴም አሥር ቀን የሚሄዱ ጤነኛ ሕፃናት አሉ። ድርቀት የሚለካው በቀን ቁጥር ሳይሆን በካካው ነው፤ በሰባተኛው ቀን የመጣው ለስላሳ ከሆነ ድርቀት የለም፣ በየቀኑ እየመጣ እንደ ፍየል በጠጥ ጠጣር ከሆነ ድርቀት ነው። የሚያስጨንቀው መራራቁ ከስድስት ሳምንት በፊት ከመጣ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ክብደት ካልጨመረ ነው።

ማማጡም ሌላ የድንጋጤ ምንጭ ነው። ልጁ አሥር፣ ሃያ ደቂቃ ፊቱ ቀልቶ ያምጣል፣ ያለቅሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ግን ለስላሳ ነው። ይህ ድርቀት አይደለም። ሆድ ሲገፋ ታች መፍታት እንዳለበት ገና አልተማረም፤ ይማረዋል። በየቀኑ ሳሙና፣ ቴርሞሜትር ወይም ቅቤ የነካ ጣት የሚገባበት ልጅ ትምህርቱ ይዘገይበታል፤ ሳሙና ደግሞ ስሱን የአንጀት ቆዳ ያቃጥላል። እግሩን እንደ ብስክሌት ማዟዟር፣ ሆዱን በሰዓት አቅጣጫ ማሸት አይጎዳም። ውኃ ከስድስት ወር በፊት አይሰጥም። ማር ከዓመት በፊት በምንም ምክንያት አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን መመረዝ የሚያመጣ ጀርም ሊይዝ ይችላል፣ የዚያ መመረዝ የመጀመሪያ ምልክት ደግሞ ድርቀት ነው።

ዝም ተብሎ የሚታለፈው ነጭ

ካካን ቢጫ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ የሚያደርገው ሐሞት ነው። ሐሞት ካልደረሰው እንደ ኖራ፣ እንደ ነጣ ሸክላ፣ ወይም ዱቄት እንደበዛበት ሊጥ ይሆናል። የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ የሚወለድ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚዘጋበት ልጅ ጉበቱ በራሱ ሐሞት ይቃጠላል። ጃፓናዊው ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረገው ቀዶ ሕክምና አንጀትን በቀጥታ ከጉበት ጋር ያገናኛል፤ ውጤቱ የተሻለ የሚሆነው ግን ልጁ 60 ቀን ሳይሞላው ከተሠራ ነው። ታይዋን በ2004፣ ጃፓን በ2012 ለእናቶች በሙሉ የካካ ቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ማደል የጀመሩት ቀኑ እንዳያልፍ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ካርድ በክትባት ወረቀቱ ጀርባ ቢታተም ወጪው ከወረቀቱ አይበልጥም።

ችግሩ ሕፃኑ መጀመሪያ ላይ ጤነኛ መምሰሉ ነው። ይጠባል፣ ይወፍራል። ዓይኑ ቢጫ ነው፤ ግን «የአራስ ቢጫ ነው፣ ፀሐይ ሙቁት» ይባላል። በወሩ የተወለደ ልጅ ቢጫነት ከ14 ቀን ካለፈ ፀሐይ መልስ አይደለም፤ ደሙ መመርመር አለበት። በዚያ ላይ ካካው ነጣ ካለና ሽንቱ እንደ ሻይ ሆኖ ጨርቁን ካቀለመው ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ቀለሙን በአምፖል አትፍረዱ። ቢጫ የሚያበራ አምፖል ነጩን ካካ ቢጫ ያደርገዋል፤ ዳይፐሩን ወደ መስኮት ወይም ወደ ደጅ አውጥቶ በቀን ብርሃን ማየት ነው።

ቀይና ጥቁር አጭር ናቸው። ጥቁሩ ሬንጅ አንዴ አልቆ ቢጫ ከመጣ በኋላ እንደገና ጥቁር ከታየ የተፈጨ ደም ሊሆን ይችላል፤ የእናትየው የጡት ጫፍ ተሰንጥቆ ልጁ የእሷን ደም ውጦ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ያ ካልሆነ ግን መታየት አለበት። ሲወለድ የቪታሚን ኬ መርፌ ያልተወጋ ልጅ ላይ ይበልጥ ያስፈራል። በደረቀ ካካ ላይ የታየች ቀጭን ቀይ መስመር የፊንጢጣ ስንጥቅ ትሆናለች፤ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ካካ፣ በተለይ ልጁ እየቆየ በድንገት እየጮኸ እግሩን ወደ ሆዱ የሚሰበስብና የሚያስመልስ ከሆነ፣ አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባቱን ያመለክታልና በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው።

የወንድ ልጅ እናት አንድ ተጨማሪ ነገር ትይ። ዳይፐሩ ሲፈታ ፊቷ ላይ የሚረጨው ሽንት መልካም ዜና ነው። ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ፣ ቀስት ሠርቶ የማይወጣ ከሆነ የሽንት ቱቦው ውስጥ መጋረጃ ሊኖር ስለሚችል የዳይፐሩ ቁጥር ስድስትም ስምንትም ቢሆን ለሐኪም ይነገር።

ወደ ሐኪም ሲኬድ የተበላሸውን ዳይፐር አጥፎ በፌስታል ይዞ መሄድ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ፎቶም ከተነሳ በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀት ተደርጎ ይነሳ። ያለፈውን 24 ሰዓት በሰዓቱ ጻፉት፤ ስንት ጊዜ ጠባ፣ ስንት ጊዜ ሸና፣ ስንት ጊዜ ካካ አለ፣ ምን ቀለም። የተወለደበት ክብደት የተጻፈበትን ወረቀትም አትርሱት፤ ሐኪሙ ዛሬ መዝኖ የሚያነጻጽረው ከዚያ ጋር ነው።